የብዕሩ ሕግ፦ ስለ ክብር ፊደሎች የቀረበ ንግግር



የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ የምረቃ ዲፕሎማ፣ የሽልማት ምስክር ወረቀት፣ በመጽሐፍ መግቢያ ላይ ያለ የመታሰቢያ ገጽ የያዙት ቃል ጥቂት ነው። የሁለት ሰዎች ስም፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ማዕረግ፤ ከዚያ በላይ ብዙም የላቸውም። ቃሉ ጥቂት በመሆኑ የፊደሉ መልክ ከቃሉ እኩል ይናገራል። ካርዱን የተቀበለ ሰው አንብቦ ሳይጨርስ ጉዳዩ የክብር ጉዳይ መሆኑን በዓይኑ ያውቀዋል። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሕዝቦች ለዚህ ሥራ የሚመርጧቸው የማተሚያ ፊደሎች ከእጅ ጽሕፈት የተወለዱ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ያሉ፣ አንዱ ከሌላው እየተያያዘ የሚሄድባቸው፣ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚፈራረቅባቸው ናቸው። እኛም ካርዳችንን በእንግሊዝኛ ስናሳትም እነዚሁን እንጠቀማለን፤ በአማርኛ ስናሳትም ብዙ ጊዜ የእነሱን መልክ ለግዕዝ ፊደል ለማልበስ እንሞክራለን። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ይህን ሙከራ የሚመለከት ነው። የክብር ፊደል ውበቱን የሚያገኘው ከተጻፈበት ብዕር ሕግ ነው፤ ጌጡ የዚያ ሕግ ፍሬ ነው። ስለዚህ ለግዕዝ የክብር ፊደል መሥራት የሚፈልግ ሰው መነሻው የራሳችን ቁም ጸሐፊዎች የመቃ ብዕር መሆን አለበት። ማስረጃዬን መጀመሪያ ከላቲኑ ታሪክ አመጣለሁ፤ የማነሣቸው ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው። በአውሮፓ ጽሕፈት ሁለት ዐይነት ብዕር ሁለት ዐይነት ውበት አስገኝቷል። የመጀመሪያው ጫፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ብዕር ነው። ይህ ብዕር ውፍረትና ቅጥነት የሚሰጠው በተያዘበት ማዕዘን ነው፤ እጅ ቢጫነውም ባይጫነውም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ሌላው ሲሳብ ቀጭን መስመር ያወጣል። የሮም ጳጳስ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ የነበረው ሉዶቪኮ ዴሊ አሪጊ በ1522 በሮም ያዘጋጀው የጽሕፈት መማሪያ መጽሐፍ የዚህ ብዕር ትምህርት ነው። ሁለተኛው ጫፉ የሾለ፣ ሲጫኑት የሚከፈት ብዕር ነው። ይህኛው ለማዕዘን ግድ የለውም፤ ውፍረቱ የሚመጣው ከእጅ ጫና ነው። እጅ ወደ ታች ሲወርድ ይጫናል፣ መስመሩ ይወፍራል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይለቅቃል፣ መስመሩ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሰርግ ካርዶች ላይ የምናየው ዘንባላ ፊደል የዚህ የሾለ ብዕር ልጅ ነው።

የዚህ ጽሕፈት ታላቅ ዘመን በእንግሊዝ አገር 17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና 18ኛው መቶ ዘመን ነበር። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ጽሕፈቱ ሲወለድ የክብረ በዓል ጽሕፈት አለመሆኑ ነው። የለንደን የንግድ ቤቶች ጸሐፊ ሲቀጥሩ የሚፈልጉት ፈጣን፣ ጥርት ያለና ከሰው ሰው የማይለዋወጥ እጅ ነበር። ጆርጅ ቢክሃም የተባለው የመዳብ ቀራጭ ከ1733 እስከ 1741 በየክፍሉ ያወጣው ታላቅ ስብስብ የ25 የጽሕፈት መምህራንን ሥራ በ212 ገጾች ይዟል፤ በውስጡ ከግጥምና ከምክር ጎን ለጎን ደረሰኝ፣ የዕዳ ሰነድና የነጋዴ ደብዳቤ ይገኛል። ከእነዚህ መምህራን ቀደም ያለው ቻርልስ ስኔል በ1694 የጽሕፈት መጽሐፍ አሳትሟል፤ በ1714 ደግሞ የፊደላቱን መጠንና ቅርጽ የሚወስን ደንብ አውጥቷል። ይህ ሰው ጌጥ ያበዛ አልነበረም። የጻፈው ፊደል ከመቶ ዓመት ወደ መቶ ዓመት ተሻግሮ የሚወደደው ጭረቱ ሁሉ በአንድ ዘንባላ፣ በአንድ ርቀት፣ በአንድ የጫና ልክ ስለሚሄድ ነው። ማዕረጉም የመጣው ከዚህ ሥርዓት ነው። የመዳብ ቀራጮች ይህን እጅ በብረት መቅረጫ ወስደው ብዕር ሊያወጣው ከሚችለው በላይ አቀጠኑት፤ የጥሪ ካርድና የስም ካርድ በመዳብ ማሳተም ልማድ ሲሆን የነጋዴው እጅ የግብዣ እጅ ሆነ።

እዚህ ላይ የማተሚያው ታሪክ ይገባል፤ ለክርክሬም ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል አራት ማዕዘን አካል አለው፤ ፊደል ለቃሚው አንዱን ከሌላው ጎን ያሰልፋል። ቀጥ ብሎ ለሚቆም ፊደል ይህ ይመቻል፤ ዘንበል ብሎ ጅራቱን ወደ ጎረቤቱ ለሚዘረጋ ፊደል ግን እስራት ነው። ከአካሉ ውጭ የወጣው ቀጭን ጫፍ ይሰበራል፤ መጋጠሚያው ላይም ቀለም ያልነካው ስንጥቅ ይታያል። ሰዎች ይህን ለማሸነፍ ብዙ ደክመዋል። ሮቤር ግራንዦን በ1557 በሊዮን የፈረንሳይን የእጅ ጽሕፈት በእርሳስ አውጥቷል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በፓሪስ ፊርማን ዲዶ የእርሳሱን አካል ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ፊደሎቹም እርስ በርስ እንዲገጣጠሙ አድርጎ ሠራ። ይሁንና ነፃነቱ በእውነት የመጣው እርሳሱ ሲቀር ነው። ፊደል በፎቶግራፍ ብርሃን መታተም ሲጀምር ፊደሎች አካል አልነበራቸውም፤ አንዱ በሌላው ላይ ሊያርፍ ይችል ነበር። ማቲው ካርተር በ1960ዎቹ አጋማሽ ለላይኖታይፕ ኩባንያ የሠራውና በስኔል ስም የተጠራው ፊደል የዚህ ዕድል ፍሬ ነው። ካርተር ከአዲሱ መሣሪያ ነፃነትን ወሰደ፤ ሕጉን ግን ከጥንቱ ጸሐፊ ወሰደ። እያንዳንዱ ፊደል የሚጨርሰው ቀጣዩ በሚጀምርበት ከፍታ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ማንኛውም ስም ቢጻፍበት ሰንሰለቱ የማይበጠሰው።

ከዚህም የጠለቀ ምሳሌ ሄርማን ዛፕፍ ነው። ይህ ጀርመናዊ የፊደል ሠሪ በ1944 ወታደር ሳለ በንድፍ ደብተሩ ላይ ነፃና ሰፊ ጽሕፈት ጽፎ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእርሳስ ያወጣው ቪርቱኦዛ የተባለው ፊደል የዚያን ጽሕፈት ስፋት ሊይዝለት አልቻለም፤ እርሳሱ አልፈቀደም። ሐሳቡ የተፈጸመው በ1998 ዛፕፊኖ በኮምፒውተር ፊደልነት ሲወጣ ነው፤ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ዛፕፊኖ አንድ ፊደል አንድ መልክ ብቻ እንዲኖረው አላደረገም። አራት ዐይነት ሙሉ የፊደል ስብስብ ይዞ ወጣ፤ ከእነዚህም በተጨማሪ ብዙ የተያያዙ ቅርጾች አሉት። ጸሐፊ አንድን ፊደል ሁለት ጊዜ በአንድ ቃል ውስጥ ሲጽፍ ሁለቱን በትክክል አንድ እንደማያደርጋቸው ዛፕፍ ያውቅ ነበርና ኮምፒውተሩም እንዲያውቅ አደረገው። ይህን ሁሉ ያስቻለው ራሱ የጽሕፈት ሰው መሆኑ ነው፤ ብዕሩ ወዴት ሄዶ የት እንደሚያርፍ በእጁ ያውቀዋል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እዚህ ይነሣል። «የማተሚያ ፊደል ከሆነ የእጅ ጽሕፈት አይደለም፤ የእጅ ጽሕፈት መስሎ መታየቱ ራሱ ውሸት ነው፤ ክብር የሚፈልግ ሰው ጸሐፊ ቀጥሮ ያስጽፍ» የሚሉ አሉ። ጸሐፊ ማስጻፍ መልካም ነው፤ አቅሙ ያለው ያድርገው። ግን ተቃውሞው የክብር ጽሕፈትን ምንነት የሳተ ይመስለኛል። የስኔል ጽሕፈት የአንድ ሰው የግል ጠባይ መግለጫ አልነበረም፤ ተማሪው ራሱን ትቶ ደንቡን እንዲከተል የሚያስተምር ነበር። ደንብ ደግሞ ከእጅ ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ብርሃን፣ ከብርሃን ወደ ኮምፒውተር ሊሸጋገር ይችላል። ውሸት የሚሆነው ደንቡን ሳይዝ መልኩን ብቻ የቀዳ ፊደል ነው። ወፍራሙ መስመር ወደ ላይ በሚወጣ ጭረት ላይ ሲገኝ፣ ቀጭኑም እጅ በሚጫንበት ቦታ ሲገኝ፣ ብዕር ይዞ የማያውቅ አንባቢ እንኳ ምክንያቱን ሳያውቅ ቅር ይለዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ብዕር ልምጣ። የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊ መሣሪያ ከመቃ የተቆረጠ ብዕር ነው፤ የሚጽፈው በተፋቀና በተለሰለሰ የፍየል ወይም የበግ ብራና ላይ ነው። ብራናውን በወስፌ ይወጋል፣ ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል፣ ከዚያ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጽፋል። የመቃው ብዕር ከሁለቱ የአውሮፓ ብዕሮች ይልቅ ለመጀመሪያው ይቀርባል፤ ጫፉ ስፋት አለው። በግዕዝ ጽሕፈት ወፍራሙ ቁም መስመሩ ነው፤ ግራና ቀኝ የሚያያይዘው አግዳሚና ቅስቱ ይቀጥናል። የ«መ» ክብ፣ የ«በ» ራስ፣ የ«ሰ» ጉልላት ቀጭን ሆነው እግሮቹ ወፍረው የሚቆሙት ለዚህ ነው። ልማዱም አንድ ወጥ አይደለም። በጎንደር ዘመን የጎለመሰው ጉልህ የተባለው ጽሕፈት ትልቅ፣ ወፍራምና ሰፊ ነው፤ በገጹ ላይ ጥቂት ቃል ይዞ ከሩቅ ይነበባል። ረቂቅ የተባለው ደግሞ ደቃቅና ቀጭን ነው። አንዱ ለታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት፣ ሌላው ብዙ ቃል በትንሽ ገጽ ለማስገባት ይስማማል። የክብር ፊደል ሊሠራ የተነሣ ሰው እነዚህን ሁለቱን ከፊቱ አስቀምጦ የትኛው ለየትኛው ጉዳይ እንደሚሆን የመምረጥ ሀብት አለው።

ዋናውን ነጥቤን የሚሸከመው ግን የፊደላችን አሠራር ነው። በላቲን ፊደል ጸሐፊው በእግርና በራስ ላይ ጅራት ቢጨምር ፊደሉ ያው ነው፤ ንባቡ አይለወጥም። በግዕዝ ይህ አይሆንም። የ«በ»ን ቤት ብቻ እንይ። በቀኝ እግር ጫፍ ትንሽ ጭረት ሲጨመር «ቢ» ይሆናል። ያ ጭረት ቀለበት ቢሆን «ቤ» ነው። በወገቡ በቀኝ ሲሆን «ቡ»፣ በግራ ሲሆን «ብ» ነው። ግራ እግሩ ቢያጥር «ባ»፣ ቀኝ እግሩ ቢያጥር «ቦ»። እንግዲህ የእንግሊዙ ጸሐፊ በነፃነት ጅራቱን የሚዘረጋበት ስፍራ ሁሉ በእኛ ፊደል በአናባቢ ተይዟል። ራስ ላይ ብንሄድም ነፃ ቦታ አናገኝም፤ «ነ» እና «ኘ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ሰ» እና «ሸ» የሚለዩት በራሳቸው ላይ በሚጨመር መስመር ነው። ለጌጥ ብለን እግሩን ብናጣምም፣ ራሱን ብናስጠመጥም፣ አንድን ሰው በሌላ ሰው ስም ወደ ሰርግ ልንጠራው እንችላለን። ዘንበል ማድረግም ችግር አለው። የላቲኑ ዘንባላ ብዕሩ ሳይነሣ ከፊደል ወደ ፊደል ከሚሮጥበት እንቅስቃሴ የመጣ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ የሚጻፍ ነው። ሳይያያዝ ያዘነበለ ፊደል የሩጫውን መልክ ይዞ ሩጫው የሌለው ይሆናል።

ይህን ስል የሚመጣውን መልስ አውቃለሁ። ኮካ ኮላ በአማርኛ የተጻፈበትን ጠርሙስ ሁላችንም እናውቀዋለን። የእንግሊዝኛው አርማ በ1886 ፍራንክ ሮቢንሰን በአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ በነበረው ዘንባላ የእጅ ጽሕፈት የጻፈው ነው፤ የአማርኛውም ያንኑ መልክ ተከትሎ ተስሏል፣ ሕዝቡም ያለ ችግር ያነበዋል። ታዲያ የላቲኑ ጌጥ ለግዕዝ አይሆንም ማለት ልክ አይደለም ይባላል። እኔ ግን ይህ ማስረጃ ሐሳቤን ይደግፍልኛል እላለሁ። አርማ አንድ ቃል ነው፤ ሠዓሊው እያንዳንዱን ጅራት የት እንደሚያኖር፣ የትኛውም ከሌላ ፊደል ጋር እንዳይምታታ አስቦ ለዚያ ቃል ብቻ ይስላል። አንባቢውም ቃሉን አስቀድሞ ያውቀዋል። የማተሚያ ፊደል እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። የማያውቀውን ስም፣ ገና ያልተወለደ ሕፃን ስም እንኳ፣ ያለ ስሕተት መጻፍ አለበት። ለአንድ ቃል የሚሆን ብልሃት ለሁሉም ቃል የሚሆን ደንብ አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው፤ በጥሞናም መሰማት አለበት። «ከብራና የሚወለድ ፊደል ሁልጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው፤ ሙስሊም ሙሽሮች፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፣ የንግድ ማኅበር ለምን በዳዊት መልክ ይጠራሉ?» ይባላል። ጽሕፈቱን ጠብቀው ያቆዩት በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መሆናቸው እውነት ነው፤ ማክበርም ይገባል። ግን ያው ብዕር የመንግሥትና የሕግ ብዕርም ነበር። የጉልት ስጦታና የርስት ውል በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ የነገሥታቱ ደብዳቤዎችም በዚሁ የጸሐፊዎች እጅ ተጽፈው በማኅተም ወጥተዋል። ፊደል ሠሪው ከብራናው የሚወስደውን ለይቶ ማወቅ አለበት። መስቀሉን፣ ሐረጉን፣ ሥዕሉን ለባለቤታቸው ይተው፤ የቁም መስመሩን ውፍረት፣ የአግዳሚውን ቅጥነት፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን አየር ይውሰድ። እነዚህ ሃይማኖት የላቸውም። የለንደን ነጋዴ እጅ የሙሽራ ካርድ እጅ ለመሆን ከቻለ፣ የጎንደር ጸሐፊ እጅ ለዲፕሎማ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ አቅም የሚነሣውን ጥያቄ በአጭሩ ላንሣ። ግዕዝ በ1513 በሮም ታትሟል፤ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፣ ከ35 ዓመት በኋላም የአባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳን በዚያው ከተማ ወጣ። በአገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በዚያ ሁሉ ዘመን 33ቱን ፊደላት በሰባት በሰባት፣ ዲቃሎቹን ጨምሮ፣ በእርሳስ ማውጣት ከባድ ወጪ ስለነበር ለአንድ ማተሚያ ቤት አንድ የንባብ ፊደል ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ የክብር ፊደል ማሰብ ቅንጦት ይመስል ነበር። ያ ሰበብ አሁን የለም። ግዕዝ ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ አለ። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ከብራናው ጽሕፈት ልማድ ተነሥቶ የተሠራ ነው፤ መንገዱ እንደሚያስኬድ አሳይቷል። ፊደሎቻችን አለመያያዛቸውም ሠሪውን ከብዙ ድካም ያድነዋል፤ ካርተርና ዛፕፍ ሌት ተቀን የታገሉበት የመጋጠሚያ ችግር በእኛ ዘንድ የለም። ያንን ጊዜ በተለዋጭ ቅርጾች ላይ ማዋል ይቻላል፦ በመስመር መጀመሪያ ሰፋ የሚል «ሀ»፣ በስም መጨረሻ እግሩን ረገጥ የሚያደርግ «ም»፣ ንባቡን ሳይነኩ።

ታዲያ ጌጡ ከየት ይምጣ ካላችሁኝ፣ ቁም ጸሐፊው ራሱ መልስ ትቶልናል። ክብርን የሚያሳየው ጅራት በማስረዘም አልነበረም፤ በመጠን፣ በቀለምና በቦታ ነበር። የምዕራፍ መጀመሪያ መስመሮች፣ የቅዱሳን ስም፣ ብዙ ጊዜም መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም በቀይ ይጻፋል፤ ሌላው በጥቁር። ይህ ደንብ ለሰርግ ካርድ እንደ ተዘጋጀ ያህል ይስማማል፤ የሙሽሮቹ ስም በጉልህ ፊደል በቀይ፣ ቀኑና ቦታው በረቂቁ በጥቁር፣ ዙሪያውም ሰፊ ባዶ ኅዳግ። በክብር ፊደል ሙሉ ገጽ መሙላት አይገባም፤ ላቲኑም ቢሆን ከጥቂት መስመር ካለፈ ዓይን ያደክማል፣ የእኛም ወፍራም ቁም መስመር ተደጋግሞ ሲመጣ ገጹን ያጠቁረዋል። በጋዜጣና በስልክ ላይ ለባዶ ቦታ ስፍራውን የለቀቀው ሁለት ነጥብ እንኳ በዚህ ሥራ ሊመለስ ይችላል። በሁለት ስሞች መካከል የቆመ ሁለት ነጥብ፣ አንዱ ነጥብ ጥቁር አንዱ ቀይ ሆኖ፣ አንባቢው ያለ ማብራሪያ የሚያውቀው ጌጥ ነው፤ የፎንት ሠሪውም ለዚህ የሚሆን ቅርጽ ከወዲሁ በስብስቡ ውስጥ ሊያኖር ይገባል።